ነጭ የሀበሻ ቀሚስ በነጭ ጀርባ ላይ፦ ኤዲት ሳላበዛ እንዴት እንደማነሳው

አክስቴ ሽሮ ሜዳ ሱቅ አላት፣ ቀሚስ ነጠላ ጋቢ ኩታ ምናምን ትሸጣለች፣ ፎቶውን የማነሳላት እኔ ነኝ። አሁን አሁን አብዛኛው ገዢዋ ውጪ ያለ ሰው ነው፣ ዲሲ አካባቢ፣ እስራኤል፣ ዱባይ፣ ለጥምቀት ለፋሲካ ለሰርግ በቴሌግራም አይቶ ነው የሚያዘው፣ ጨርቁን በእጁ ነክቶ አይደለም። ስለዚ ፎቶው ላይ ያልታየ ነገር ለገዢው የለም ማለት ነው። እቃው ደሞ ነጭ ነው፣ ጀርባውም ነጭ እንዲሆን ነው የሚፈለገው፣ ንጹህና ቀለል ብሎ እንዲታይ፣ ጥለቱም ጎልቶ እንዲወጣ። ነጭ በነጭ ላይ ማንሳት ደሞ ቀላል ነገር አይደለም፣ እና እንዴት እንደማደርገው ብዙ ሰው ስለሚጠይቀኝ እስቲ በደንብ ልጻፈው።

መጀመሪያ ለምን ኤዲት እንደማላበዛ ልበል። ብዙ ሻጭ እንዳገኘ ያነሳና ጀርባውን በአፕ ቆርጦ ነጭ ያስገባበታል። ለጫማ ለቦርሳ ሊሰራ ይችላል፣ ለነጠላ ግን አይሆንም። የነጠላ ጫፍ ላይ ያለውን ዘርፍ አፑ ይበላዋል፣ ጨርቁ ስስ ስለሆነ በውስጡ አሳልፎ የሚታየውን ጀርባ ከጨርቁ መለየት አይችልም፣ ዳሩ በመቀስ የተቆረጠ ወረቀት ይመስላል። ሌላው ደሞ ብራይትነሱን ዝም ብሎ መጨመር ነው። ያኔ ጀርባው እውነትም ነጭ ይሆናል ግን ጨርቁም አብሮ ይጠፋል፣ ጥለቱ ብቻውን አየር ላይ ተንሳፎ ይቀራል። አክስቴ እንደዛ አይነት ፎቶ ስታይ «ጥለቱስ ይታያል ልጄ፣ ጨርቁ የታለ?» ትላለች፣ እና ልክ ናት። ባዘቶውን አውጥታ በእንዝርት የፈተለች ሴት አለች፣ ድርና ማጉን ጉድጓድ ላይ ተቀምጦ ቀኑን ሙሉ የሰራ ሸማኔ አለ፣ የነሱ ስራ ያለው ነጩ ላይ ነው፣ ጥለቱ ላይ ብቻ አይደለም። አንዴ ተቃጥሎ ሙሉ ነጭ የሆነ የፎቶ ክፍል ውስጥ ደሞ ምንም መረጃ የለም፣ የትኛውም ኤዲት አይመልሰውም። ስለዚ ነገሩ ማለቅ ያለበት ሲነሳ ነው።

ካሜራው ምን እንደሚያስብ ማወቅ ግማሽ ስራ ነው። የካሜራ ሜትር፣ ማለትም ብርሃን የሚለካው ክፍሉ፣ የሚያየው ሁሉ ተደምሮ መካከለኛ ግራጫ ነው ብሎ ነው የሚገምተው፣ 18 ፐርሰንት ግራጫ የሚባለው። ነጭ ቀሚስ በነጭ ጀርባ ላይ ሲያይ «ኧረ ይሄ ብርሃን በዝቷል» ይልና ይቀንሰዋል፣ ውጤቱ አመድ የመሰለ ቀሚስ ነው። ብዙ ሰው ካሜራዬ አይረባም የሚለው እዚ ላይ ነው፣ ካሜራው ግን የታዘዘውን ነው የሰራው። መፍትሄው ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን የሚባለውን፣ ካሜራው ከወሰነው ላይ ብርሃን የሚጨመርበትንና የሚቀነስበትን፣ ወደ ፕላስ 1 ወይም ፕላስ 1.7 አካባቢ ከፍ ማድረግ ነው። ስልክ ከሆነ ጨርቁ ላይ ጣት አድርጎ ትንሽ ቆይቶ መቆለፍና የጸሃይዋን ምልክት ቀስ አድርጎ ወደ ላይ መሳብ። እኔ ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አድርጌ ማንዋል ነው የምሰራው፣ ልኩን ሁሉ ራሴ እየወሰንኩ፣ አይኤስኦ (ካሜራው ብርሃን የሚቀበልበት አቅም) 100፣ የሌንሱ ቀዳዳ ኤፍ 8፣ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) እንደ መስኮቱ ብርሃን፣ ምክንያቱም ቀሚስ በተቀየረ ቁጥር ካሜራው ሀሳቡን እንዳይቀይር እፈልጋለሁ።

እስከ የት ከፍ ይደረጋል? እዚ ጋ አይናችሁንም ስክሪኑንም አትመኑ፣ ሂስቶግራሙን ነው የምታምኑት፣ የፎቶውን ብርሃን ከግራ ጥቁር እስከ ቀኝ ነጭ የሚያሳየውን ግራፍ። ጨርቁ ወደ ቀኝ ተጠግቶ ግን የግራፉን የቀኝ ጠርዝ ሳይነካ መቆም አለበት። ከ0 (ጥቁር) እስከ 255 (ሙሉ ነጭ) ባለው መለኪያ ጀርባውን 245 እስከ 250፣ ጨርቁን ከ220 እስከ 240 መሃል ነው የማስቀምጠው፣ ያቺ ትንሽ ልዩነት ናት ቀሚሱን ከጀርባው የምትለየው። ካሜራው የተቃጠለ ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም የሚል ማስጠንቀቂያ አለው፣ እሱን አብሩት፣ ጀርባው ጥግ ጥጉ ላይ ትንሽ ቢበራ ችግር የለውም፣ ጨርቁ ላይ ከበራ ግን ወዲያው ቀንሱ። እና ቀዩን አረንጓዴውን ሰማያዊውን ለየብቻ የሚያሳየውን ሂስቶግራም እዩ፣ ምክንያቱም ደማቅ ቀይ ወይም ወርቃማ ጥለት ካለ ሌላው ገና ደህና ሆኖ ሳለ ቀዩ ቀድሞ ይቃጠላል፣ ከዛ ጥበቡ ላይ ያለው የክር መስመር ይጠፋና ቀለም የተቀባ ይመስላል።

አሁን ዋናው ነገር፣ ብርሃኑ ከየት ይመጣል የሚለው። ነጭ ጨርቅ በነጭ ላይ የሚታየው ብርሃን ስለበዛለት አይደለም፣ ጥላ ስላለው ነው። ከፊት ለፊት በፍላሽ ከተመታ የክሩ ጥላ ሁሉ ከክሩ ኋላ ይደበቃል፣ ጨርቁ ልሙጥ ወረቀት ይሆናል። ከጎን ከመጣ ግን እያንዳንዱ ክር የራሱን ትንሽዬ ጥላ ይጥላል። የእጅ ፈትል ደሞ እኩል አይደለም፣ አንዱ ጋ ወፈር አንዱ ጋ ቀጠን ይላል፣ የፋብሪካ ክር ግን ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው። ውጪ ያለ ገዢ ሁሌ የሚጠይቀው «የእጅ ፈትል ነው?» ብሎ ነው፣ ብርሃኑ ከጎን ዝቅ ብሎ ሲመጣ ፎቶው ራሱ ይመልስለታል፣ አክስቴ መማል አይጠበቅባትም። ይሄን ካየሁ በኋላ ነው ለዚ ስራ የእውነት ፍቅር የያዘኝ።

የምጠቀመው አንድ ትልቅ መስኮት ነው፣ ላዩ ላይ አቡጀዲ ወጥሬበት። አቡጀዲው ብርሃኑን ያለሰልሰዋል፣ ዲፊዩዘር ብሎ ገንዘብ ማውጣት አያስፈልግም። የሱቁን አምፖል ሁሉ አጠፋለሁ፣ የመስኮት ብርሃንና የአምፖል ብርሃን ሲቀላቀል ነጩ አንድ ጎን ሰማያዊ ሌላ ጎን ቢጫ ይሆናል፣ ያንን ደሞ በኤዲት ማስተካከል ከባድ ጣጣ ነው።

ስለ መስኮት አንድ ነገር፣ ዩቲዩብ ላይ ሁሉም «ወደ ሰሜን የሚያይ መስኮት ተጠቀሙ፣ ቀጥታ ጸሃይ አይገባበትም» ይላል፣ ይሄ ለአውሮፓና ለአሜሪካ ሰው ነው። አዲስ አበባ 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነች ከሚያዝያ መጀመሪያ አካባቢ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ድረስ የቀትሯ ጸሃይ ከኛ በስተሰሜን ነው የምታልፈው፣ ጠዋትና ከሰአትም በሰሜን በኩል ባለው መስኮት ትገባለች። በጥቅምት በህዳር በታህሳስ ግን የሰሜኑ መስኮት እውነትም ጥሩ ነው። ሰኔ ሐምሌ ላይ ደመናው ራሱ ትልቅ ዲፊዩዘር ስለሚሆን የትኛውም መስኮት ይሰራል፣ ለኔ ከአመቱ ምርጡ ብርሃን የክረምት ጠዋት ሦስትና አራት ሰዓት ላይ ያለው ነው፣ ዝናቡ ሳይጀምር።

ከዛ ጥቁሩ ጨርቅ አለ። ሰዎች ሲያዩኝ የሚገርማቸው እሱ ነው። የተለመደው ምክር ከመስኮቱ በተቃራኒ ነጭ ሰሌዳ አቁመህ ብርሃን መልስ የሚል ነው፣ ለጥቁር ጃኬት ልክ ነው። ክፍሉ ነጭ፣ ጀርባው ነጭ፣ ጨርቁ ነጭ ሲሆን ግን ብርሃኑ ከሁሉም ግድግዳ እየተንጸባረቀ ጥላውን ሁሉ ይሞላዋል፣ ቀሚሱ ዳር የለውም። እኔ በመስኮቱ ተቃራኒ ከፍሬሙ ልክ ውጪ ግማሽ ሜትር ያህል ርቆ ጥቁር ጨርቅ እሰቅላለሁ፣ ብርሃኑን ይውጠዋል፣ በዛ በኩል ያለው የቀሚሱ ዳር ትንሽ ጠቆር ይልና መስመር ያወጣል። በጣም ከጠቆረ ጨርቁን ራቅ ማድረግ ነው። ከዚ የሚበልጥ ምንም ኤዲት አላውቅም፣ ዋጋው ደሞ ከመርካቶ የተገዛ አንድ ጥቁር ቁራጭ ነው።

ጀርባውን በተመለከተ ቀሚሱን ከጀርባው ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል አርቁት። ከተጠጋ የቀሚሱ ጥላ ጀርባው ላይ ያርፋል፣ ጀርባው በጣም በርቶ ከሆነ ደሞ ብርሃኑ ዞሮ የቀሚሱን ዳር ይበላዋል። ሁለት መብራት የለኝም፣ ስለዚ ጀርባውን ትንሽ አዙሬ ወደ መስኮቱ ፊቱን እሰጠዋለሁ፣ ቀሚሱ ብርሃኑን ከጎን ሲቀበል ጀርባው ቀጥ አድርጎ ይቀበላል፣ በራሱ ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ስቶፕ (አንድ ስቶፕ ማለት የብርሃን እጥፍ ነው) ይበልጥ ይነጣል። ይሄ ለቀሚስና ለጋቢ ነው፣ ጋቢ አራት ድርብ ስለሆነ ብርሃን አያሳልፍም። ነጠላ ላይ ግን እገለብጠዋለሁ። ነጠላ ስስ ነው፣ ከኋላው የበራ ነጭ ካለ ብርሃኑ አልፎት ይመጣና ጨርቁ የሌለ ይመስላል። ለነጠላ ጀርባውን ከመስኮቱ መልሼ አዙሬ ብርሃኑ ከጨርቁ በትንሹ እንዲያንስ አደርገዋለሁ፣ ለብቻው ብታዩት በጣም ፈዛዛ ግራጫ ነው፣ ፎቶው ውስጥ ግን አይን ነጭ ብሎ ነው የሚያነበው፣ ነጠላው ደሞ እጥፋቱ ላይ ደመቅ ብሎ ይወጣል። ሁሉንም በአንድ ሴቲንግ ማንሳት የሚፈልግ ሰው እዚ ጋ ነው የሚቸገረው።

የሙሽራ ቬሎ አንዳንዴ ይመጣልኛል፣ እሱ የሚያብለጨልጭ ጨርቅ ስለሆነ መስኮቱ እንዳለ ይንጸባረቅበታል፣ ሰፋ ያለ ብርሃን ይፈልጋል፣ ያው አቡጀዲውን ሰፋ አድርጎ መወጠር ነው።

ቀለሙ ላይ ትንሽ ልቆይ ምክንያቱም «የመጣልኝ ቀሚስ ከፎቶው ቢጫ ነው» የሚል ቅሬታ የሚመጣው ከዚ ነው። የእጅ ፈትል ጥጥ በተፈጥሮው ወደ ክሬም ያደላል። ጀርባ ብለን የምንሰቅለው አንሶላ ግን በዱቄት ሳሙና የታጠበ ነው፣ ሳሙናው ውስጥ ጨርቅ እንዲነጣ የሚገባ ነገር አለ፣ አይን የማያየውን አልትራቫዮሌት ይቀበልና ሰማያዊ ብርሃን አድርጎ ይመልሳል። ብዙ ነጭ ወረቀትም እንደዛው ነው። እንደዚ አይነት ጀርባ ፊት የቆመ የእጅ ፈትል ያረጀ ይመስላል፣ ሰውየው ደሞ ኤዲት ላይ ቢጫውን ሊያጠፋ ሲል ቀሚሱን ሰማያዊ ያደርገዋል፣ ገዢዋ ጋ ሲደርስ ሌላ ቀለም ሆኖ ይገኛል። እኔ ለጀርባ የምጠቀመው በዱቄት ሳሙና ያልታጠበ አቡጀዲ ወይም ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ነው። ኋይት ባላንሱን፣ ማለትም ካሜራው ቀለም የሚያመዛዝንበትን ልክ፣ በግራጫ ካርድ እወስዳለሁ፣ ካርዱን ቀሚሱ በቆመበት ቦታ ይዤ። ቀሚሱን ራሱን ነክቶ «ይሄ ነጭ ነው» ማለት አይገባም፣ ምክንያቱም ፍጹም ነጭ አይደለም፣ ክሬምነቱ የጥጡ ነው፣ ለኔ ውበቱም እሱ ነው፣ ገዢም በግልጽ ሲነገረው ይወደዋል።

ከመነሳቱ በፊት ካውያ። ነጭ ላይ ጥላ ነው የሚታየው ካልን የማይፈለግ ጭምድድም ጥላ አለው ማለት ነው። ብናኝና ጸጉር በስኮች እየለጠፍኩ አነሳለሁ፣ የጥቂት ደቂቃ ስራ ነው፣ በኋላ በኤዲት አንድ በአንድ ከማጥፋት ይሻላል።

ይሄ ሁሉ ከተደረገ ለኤዲት የሚቀረው ትንሽ ነው። ሮው ነው የማነሳው፣ ካሜራው ያልጨመቀውን ፋይል፣ ላይትሩም የሚባለው የፎቶ ፕሮግራም ላይ ቀጥ አደርገዋለሁ፣ እቆርጠዋለሁ፣ ኋይት የሚለውን ጀርባው የምፈልገው ቦታ እስኪደርስ በትንሹ እገፋለሁ፣ ሀይላይቱን (ደማቁን ክፍል) ትንሽ እመልሳለሁ፣ አበቃ። የአንዱን ኮፒ አድርጌ በዛው ብርሃን ለተነሱት ሁሉ አለጥፍበታለሁ። ኮንትራስት አልነካም፣ ክላሪቲ ደሞ በፍጹም፣ ክሩን ሻካራ ያስመስለዋል፣ ለስላሳ ጨርቅ ሸጠን ሻካራ ማሳየት የለብንም። ስልክ ላይ ለምትሰሩ ስናፕሲድ የሚባለው አፕ ይበቃል፣ ግን የስልኩ ካሜራ ላይ ፎቶውን በራሱ የሚያሳምሩትን፣ ሲን ኦፕቲማይዘርና ቢውቲ የመሳሰሉትን፣ ሳታነሱ በፊት አጥፉ፣ ነጩን ሳይጠይቁ ያለሰልሱታል።

አላላኩም ስራ ነው። ቴሌግራም በፎቶ መልክ ሲላክ ይጨምቀዋል፣ መጀመሪያ የሚጠፋው ደሞ ያ ለስላሳ የክር ጥላ ነው፣ ስለዚ ቻናሉ ላይ በተለመደው መንገድ እንለጥፍና አንድ ሰው ዋጋ ሲጠይቅ አክስቴ ያንኑ ፎቶ እንደ ፋይል ትልክለታለች። ለእያንዳንዱ እቃ ሦስት ፎቶ አለ፣ ሙሉው፣ ጥለቱ በቅርብ፣ እና ምንም ጥለት የሌለበት ነጩ ጨርቅ ብቻውን በጣም ቀርቦ፣ ብርሃኑ ከጎን እየመጣ። ሦስተኛውን ብዙ ሻጭ አያነሳውም። አክስቴ ግን አሁን መጀመሪያ የምትልከው እሱን ነው።