እማዬ ቦርዱን አጠበችው

እህቴ ሰርፈር ናት፤ ቦርድ ላይ ቆማ የባሕር ሞገድ ትጋልባለች። የምንኖረው እስራኤል ውስጥ አሽዶድ ነው፣ ባሕሩ ቅርባችን ነው፤ እማዬ ግን "ውሃ ላይ መቆም ደሞዝ አለው ወይ?" ማለቷን ትታ አታውቅም። አለው አልናት። የዓለም ሰርፍ ሊግ ከ2019 ጀምሮ ለሴቶችም ለወንዶችም እኩል ሽልማት ነው የሚከፍለው። የቴል አቪቯ አናት ሌሊዮርም በሰርፊንግ ቶኪዮና ፓሪስ ኦሎምፒክ ደርሳለች አልናት። "የማን ልጅ ናት?" ብላ ጠየቀች። ከዚያ ቀን ወዲህ ቦርዱን እንደ ቤት ዕቃ መንከባከብ ጀመረች፤ ጉዱም የመጣው ከዚህ ነው።

በእህቴ ውድድር ዋዜማ ቦርዱን በረንዳ ላይ አገኘችው። "ይሄን ሁሉ እድፍ ይዛ ሰው ፊት ልትቀርብ?" ብላ በፈላ ውሃና በሳህን ሳሙና ፈተገችው፤ አልለቅ ያለውን በቢላ ጀርባ ፋቀችው። በዚህም አላበቃችም፣ የወይራ ዘይት ቀባችው። "እንደ ምጣድ አሟሸሁላት" አለች በኋላ፣ በኩራት።

እድፍ ያለችው ሰም ነው። የሰርፈርን እግር ቦርዱ ላይ በዋናነት የሚያስይዘው እሱ ነው። የሚቀባው በላይኛው ፊት ብቻ ነው፣ ሁለት ጊዜ። መጀመሪያ ጠንካራውን የመሠረት ሰም በትንንሽ ክብ እያሹ ጉብጉብ እስኪል ይቀቡታል፤ በላዩ ደግሞ ለስለስ ያለው ይደረባል። የላይኛው የሚመረጠው በውሃው ሙቀት ነው፦ የቀዝቃዛ ውሃውን ሰም ነሐሴ ላይ ሜዲትራኒያን ብታስገቡት ቀልጦ ያንሸራትታል፣ የሞቃት ውሃውን ጥር ላይ ብትቀቡት ይጠነክርና እግር አይዝም። መኪና ውስጥ ፀሐይ ላይ ከተዋችሁት ደግሞ ወንበሩ ላይ ይፈሳል። ያኔ መፋቅ አያዋጣም፤ ወረቀት አንጥፋችሁ ለብ ባለ ካውያ ተኩሱት፣ ወረቀቱ ይመጠዋል።

ጠዋት ባሕር ዳር የቦርዱን ከረጢት ስንከፍት ፊታችንን አየነው። እህቴ በጣቷ ነካ አድርጋ አሸተተችውና "ሰላጣ ልሠራ ነው እንዴ የመጣሁት?" አለች። ልትገባ ግማሽ ሰዓት ቀርቷታል።

ዘይት ላይ ሰም አይይዝም፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዘይቱ መውጣት አለበት። ከአንዱ ካፌ የሳህን ሳሙና ለምነን ከእርጥብ አሸዋ ጋር አሸነው፣ በባሕር ውሃ አለቅልቀን በፎጣ አደረቅነው። ከዚያ ጥላ ውስጥ አስገባነው፤ የጋለ ቦርድ ሰሙን ያቀልጠዋል፣ እርጥቡ ደግሞ አይቀበለውም። ከሌሎች ሰርፈሮች ለምነን ያገኘነው ሰም ግማሽ ነበር፣ ሙሉውን ቦርድ አያዳርስም። ደግነቱ ጭራው ላይ የተለጠፈች የጎማ ንጣፍ አለች፤ የኋላ እግር የሚያርፈው እሷ ላይ ነው። ስለዚህ የፊት እግር የሚቆምበትን መሃሉን ብቻ ቀባን።

ዳርና ዳሩን ግን ማን አስታወሰው! ሰርፈር ስትነሣ በእጇ የምትጫነው እዚያ ጋ ነው። የመጀመሪያው ሞገድ መጣ፣ እህቴ ቀዘፈች፣ ልትነሣ ስትል ሁለቱም እጆቿ ሸርተት አሉና አገጯ ቦርዱን መታ። ከዚያ ቦርዱ ለብቻው ወደ ሰማይ፣ እሷ ለብቻዋ ወደ ታች።

እማዬ ጃንጥላዋን ይዛ ዳር ቆማለች። እህቴ ተመልሳ ቦርዷ ላይ ቁጭ ስትል "ሌሎቹ ይሠራሉ፣ ይቺ ምን ታርፋለች?" አለችኝ። ሞገድ በመንጋ ነው የሚመጣ፣ ትልልቁን እየጠበቀች ነው፣ የሚቆጠረው ደግሞ ምርጥ ሁለቱ ብቻ ነው አልኳት። ስቴፋኒ ጊልሞርን ጠቀስኩላት፦ አውስትራሊያዊት ናት፣ 8 ጊዜ የዓለም ሻምፒዮን። በ2022 ካሊፎርኒያ ላይ ለፍጻሜው ከደረሱት 5 ሴቶች በደረጃ የመጨረሻዋ ነበረች፣ በአንድ ቀን ሁሉንም ጠርጋ ዋንጫውን ወሰደች።

"እሷም እናቷ ቦርዱን ታጥብላታለች?"

መልስ አልነበረኝም። እህቴ በመጨረሻው ደቂቃ አንድ ቆንጆ ሞገድ ይዛ ሁለት ጊዜ ታጠፈችበት፣ ግን ውጤቷ ለማለፍ ትንሽ ጎደለ። እማዬ ነጥቡ እንዴት እንደሚሰጥ ጠየቀችኝ። አምስት ዳኞች እያንዳንዱን ሞገድ ከ10 ያርማሉ፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ይጣላል፣ የቀሩት ሦስቱ አማካይ ይወሰዳል አልኳት።

ጃንጥላዋን አጥፋ ወደ ዳኞቹ ድንኳን መራመድ ጀመረች።

"ወዴት ነው?"

"ያን የሚጥሉትን ከፍተኛ ነጥብ ለልጄ ይስጡልኝ ልላቸው።"