የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን ሲታከም አንቲባዮቲኩ የሚቆመው መቼ ነው?

በቀዶ ሕክምና ክፍል የጠዋት ራውንድ (የታካሚዎች ጉብኝት) ላይ እንዲህ ዓይነት ታካሚ ያልገጠመው ሐኪም አይኖርም። የተበሳው ትርፍ አንጀቱ ወጥቶለታል፣ ሆዱ ውስጥ የተጠራቀመው መግል ተጠርጓል፣ አራት ቀን ሙሉ ሴፍትሪያክሶንና ሜትሮኒዳዞል የተባሉ አንቲባዮቲኮች በደም ሥሩ ተሰጥተውታል፣ ምግብም መቅመስ ጀምሯል። ይሁን እንጂ የሙቀት መጠኑ ገና 37.8 ዲግሪ ላይ ነው፤ ነጭ የደም ሕዋሱም ሙሉ በሙሉ አልወረደም። በዚህ ጊዜ ከቡድኑ አንዱ «ለጥንቃቄ ሦስት ቀን እንጨምርለት» ይላል፤ ሌሎቹም ዝም ብለው ያልፉታል። እኔ ግን መግሉ በሚገባ ከወጣ በኋላ የሚጨመሩት እነዚያ ቀናት ለአብዛኛው ታካሚ ምንም የሚጠብቁለት ነገር እንደሌለ፣ አንዳንዴም የቀረውን ችግር እንደሚደብቁ ለማሳየት እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ባክቴሪያዎቹ ከየት እንደሚመጡ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጨጓራ ውስጥ አሲዱ ስለሚገድላቸው ቁጥራቸው ጥቂት ነው፤ ወደ ታች በተወረደ መጠን እየበዙ ይሄዱና በትልቁ አንጀት ውስጥ በአንድ ግራም ይዘት 100 ቢሊዮንና ከዚያ በላይ ይደርሳሉ። ስለዚህ «አንጀት ተበሳ» የሚለው ዜና ብቻውን በቂ አይደለም፤ የትኛው ክፍል እንደተበሳ ማወቅም ግድ ነው። የትልቁ አንጀትና የትርፍ አንጀት መበሳት እንደ ኢሽሪሺያ ኮላይ ያሉትን ግራም ኔጋቲቭ ባክቴሪያዎችና ኦክስጅን በሌለበት የሚኖሩትን፣ በተለይም ባክቴሮይድስ ፍራጂሊስን፣ በአንድነት ወደ ሆድ ዕቃ ይለቃል።

እነዚህ ሁለት ወገኖች የሥራ ክፍፍል እንዳላቸው የታየው በ1970ዎቹ በአይጦች ላይ በተደረጉ ሙከራዎች ነበር። ተመራማሪዎቹ የአንጀት ይዘት በአይጦቹ ሆድ ውስጥ ሲያኖሩ በሽታው በሁለት ምዕራፍ ሄደ፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙዎቹ በተሰራጨ ፔሪቶናይተስ (የሆድ ዕቃ ሽፋን መቆጣት) ሞቱ፣ ያንን ያለፉት ደግሞ ቆየት ብለው መግል ቋጠሩ። ግራም ኔጋቲቮቹን የሚያጠቃው ጄንታማይሲን ብቻ የተሰጣቸው አይጦች ሞት ቀነሰላቸው፣ መግል መቋጠራቸው ግን አልቀረም፤ ኦክስጅን የማይፈልጉትን የሚያጠቃው ክሊንዳማይሲን ብቻ የተሰጣቸው መግል የመቋጠር ዕድላቸው ቀነሰ፣ ቀደም ብሎ የሚመጣው ሞት ግን ቀጠለ። ሁለቱን መድኃኒቶች አብረው ያገኙት ከሁለቱም ተጠበቁ። ዛሬም ሴፍትሪያክሶንን ከሜትሮኒዳዞል ጋር አጣምረን የምንሰጠው በዚሁ አስተሳሰብ ነው። በነገራችን ላይ ብዙ ዓይነት ባክቴሪያ የሚያጠቁትን ፒፔራሲሊን ታዞባክታም ወይም ሜሮፔነም የሚወስድ ታካሚ ኦክስጅን የማይፈልጉትን ባክቴሪያዎች በዚያው መድኃኒት ስለሚሸፍን፣ ከላዩ ሜትሮኒዳዞል መደረቡ ከማቅለሽለሽ በቀር የሚጨምርለት ነገር እምብዛም ነው፤ ልማዱ ግን በቀላሉ የሚለቅ አይመስልም።

ያም ሆኖ መድኃኒቱ የቱንም ያህል በትክክል ቢመረጥ፣ የተቋጠረ መግል ውስጥ ሲገባ ኃይሉ ይከዳዋል። መግሉን የከበበው ግድግዳ ወፍራም ነው፤ በውስጡ የሚያልፍ የደም ሥርም ስለሌለ መድኃኒቱ የሚደርሰው በስርገት፣ ያውም በትንሹ ነው። ውስጡ አሲዳማና ኦክስጅን የጎደለበት በመሆኑ ጄንታማይሲንን የመሰሉ መድኃኒቶች ወደ ባክቴሪያው ሕዋስ ዘልቀው ለመግባት ይቸገራሉ። ሴፍትሪያክሶንና ዘመዶቹ ደግሞ የሚያጠቁት ግድግዳውን እየሠራ የሚባዛን ባክቴሪያ ሲሆን፣ በመግል ውስጥ ያለው ግን አብዛኛው መባዛቱን ያቆመ ነው። በዚህ ላይ የባክቴሪያው ብዛትና መድኃኒቱን የሚሰባብሩት ኢንዛይሞች ክምችት ሲታከልበት፣ በላቦራቶሪ «ይገድለዋል» የተባለው መድኃኒት በታካሚው ሆድ ውስጥ ለምን እንደሚሸነፍ ግልጽ ይሆናል።

ስለዚህ የሕክምናው ዋና ክፍል ምንጩን መዝጋት ነው፤ የተበሳውን መስፋት ወይም ቆርጦ ማውጣት፣ የሞተውን ሥጋ ማስወገድ፣ የተቋጠረውን መግል በቀዶ ሕክምና ወይም በአልትራሳውንድና በሲቲ ስካን እየተመሩ በቱቦ ማፍሰስ። አንቲባዮቲኩ ባክቴሪያው ወደ ደም እንዳይሰራጭ እየገታ ለዚህ ሥራ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያም የቀረውን ጥቂት ባክቴሪያ የሰውነት መከላከያ እንዲጨርሰው ያግዛል። ይህ ማለት መድኃኒቱ ይዘገይ ማለት አይደለም፤ የደም ግፊቱ የወደቀ ታካሚ በአንድ ሰዓት ውስጥ የመጀመሪያውን መጠን ማግኘት አለበት።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ስንት ቀን ይበቃል ለሚለው ጥያቄ ከሁሉ የተሻለውን መልስ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመው ስቶፕ ኢት የተባለው ጥናት ነው። በአሜሪካና በካናዳ ሆስፒታሎች የተካሄደ ሲሆን፣ ምንጩ በአጥጋቢ ሁኔታ የተዘጋላቸውን 518 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ከፈለ። አንደኛው ቡድን መድኃኒቱን ለአራት ቀን ገደማ ብቻ ወሰደ፤ ሁለተኛው ደግሞ ትኩሳቱ፣ የነጭ ደም ሕዋሱ ከፍታና የአንጀቱ መስነፍ ከጠፉ በኋላ ሁለት ቀን እስኪሞላ፣ ቢበዛ እስከ አሥር ቀን ቀጠለ፤ የዚህኛው ቡድን አማካይ ስምንት ቀን ሆነ። የቁስል ኢንፌክሽን፣ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን መመለስ ወይም ሞት የገጠማቸው በአጭሩ ቡድን 21.8 በመቶ፣ በረጅሙ ደግሞ 22.3 በመቶ ነበሩ፤ ልዩነት የለም ማለት ይቻላል።

ብዙዎች የሚጠቅሱት ይህን ውጤት ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳስበኝ ግን ኢንፌክሽኑ ሲመለስ የታወቀበት ጊዜ ነው። አራት ቀን በወሰዱት ዘንድ የሆድ ዕቃ ኢንፌክሽን መመለሱ በአማካይ በ10.8 ቀን ሲታወቅ፣ ረጅሙን በወሰዱት ዘንድ እስከ 15.1 ቀን ዘገየ፤ በቁስል ኢንፌክሽንም ቁጥሩ 8.8 እና 15.1 ነበር። እንደ እኔ ንባብ፣ የተራዘመው መድኃኒት በሽታውን ሳያስቀር ምልክቱን ብቻ አለዝቦ ቆይቷል። ከአምስት ታካሚዎች አንዱ ችግር የሚገጥመው ከሆነ፣ ያ ችግር ታካሚው ገና በዓይናችን ሥር ሳለ ቢገለጥ ይሻላል።

ከዚያም በታች መውረድ ይቻል እንደሆነ የኔዘርላንድ ሐኪሞች ፈትሸዋል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመው ጥናታቸው፣ ውስብስብ የትርፍ አንጀት ሕመም ኖሯቸው በቀዶ ሕክምና የወጣላቸው ታካሚዎች ሁለት ቀን ወይም አምስት ቀን መድኃኒት ተሰጣቸው፤ የኢንፌክሽን ችግርና ሞት በሁለት ቀኑ 10 በመቶ፣ በአምስት ቀኑ 8 በመቶ ሆነ፤ ልዩነቱም ሁለት ቀኑ ከአምስቱ አይከፋም ለማለት አስቀድሞ ከተቀመጠው ወሰን አላለፈም። ሆኖም ሁለት ቀን ብቻ ከወሰዱት ውስጥ ተመልሰው ሆስፒታል የገቡት በዛ ያሉ ስለነበሩ፣ ታካሚው በቶሎ ሊመለስ በማይችልበት ሁኔታ እኔ ሁለት ቀንን ለመደበኛ አሠራር አልደፍረውም።

ወደዚያ የ37.8 ታካሚ ስመለስ፣ በአምስተኛው ቀን ሙቀቱ እየወረደ፣ ሆዱ እየለሰለሰ፣ እየበላ ከሆነ መድኃኒቱ ይቁም፤ ቀስ ብሎ የሚጠፋው ትኩሳት የቁስል መዳን አካል ሊሆን ይችላል። ትኩሳቱ እየጨመረ ወይም ሆዱ እየተነፋ ከሄደ ግን ጥያቄው «ከሴፍትሪያክሶን ወደ ምን እንቀይር?» ሳይሆን «ውስጥ ምን ቀረ?» የሚለው ነው። የአንጀቱ ስፌት እያፈሰሰ ይሆን? በዳሌው ወይም ከድያፍራም (ደረትንና ሆድን ከሚለየው ጡንቻ) ሥር መግል ተቋጥሮ ይሆን? ሳንባው፣ የሽንት ቱቦው፣ የደም ሥር መርፌው የገባበት ቦታ ታይቷል? ይህ ሁሉ ሳይመረመር ወደ ሜሮፔነም መሻገር ቤት እየተቃጠለ ጭሱን ለማስወጣት መስኮት እንደ መክፈት ነው።

ሜሮፔነም ራሱ የሚያስፈልግበት ቦታ አለው። በሆስፒታል ቆይታ ላይ ሳለ ኢንፌክሽኑ የተነሳበት፣ ወይም አስቀድሞ ብዙ አንቲባዮቲክ የወሰደ ታካሚ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎችን የመያዝ ዕድሉ ከፍተኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ ጥናት፣ ሴፍትሪያክሶንን የተላመዱ ባክቴሪያዎች ደማቸው ውስጥ ከተገኙ ታካሚዎች መካከል በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ፒፔራሲሊን ታዞባክታም ከተሰጣቸው 12.3 በመቶ፣ ሜሮፔነም ከተሰጣቸው 3.7 በመቶ ነበሩ። እንዲህ ዓይነቱን ታካሚ ለመለየት ካልቸር (ባክቴሪያውን በላቦራቶሪ አራብቶ መለየት) ያስፈልጋል፤ ናሙናውም በጥጥ ከተነካካ ይልቅ በመርፌ ከተቀዳ መግል ቢሆን የላቦራቶሪው መልስ የተሻለ ይሆናል።

ሳይበሳ የተቃጠለ ትርፍ አንጀት ለወጣለት ታካሚ፣ ወይም በአደጋ አንጀቱ ተበስቶ በ12 ሰዓት ውስጥ ለተሰፋለት፣ ከ24 ሰዓት በላይ መስጠት አያስፈልግም። በሌላ በኩል ደግሞ ምንጩ በሚገባ ያልተዘጋለት፣ ወይም የመከላከል አቅሙ የተዳከመ ታካሚ በአራት ቀን ሕግ ውስጥ አይወድቅም። በጽኑ ሕሙማን ክፍል ለሚገኙትም ቢሆን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የፈረንሳይ ጥናት ስምንት ቀንን ከአሥራ አምስት ቀን ጋር አነጻጽሮ በሞት ረገድ ልዩነት አላገኘም።

የሚቆጠረው ቀን የሚጀምረው ምንጩ ከተዘጋበት ዕለት እንጂ ታካሚው ሆስፒታል ከገባበት አይደለም፤ ዳግመኛ ሆዱ ከተከፈተ ቆጠራው እንደገና ይጀምራል። በደም ሥር ሦስት ቀን ወስዶ መዋጥ የቻለ ታካሚ አራተኛውን ቀን በክኒን ሊጨርስ ይችላል፤ ወደ ቤቱ ሲሸኝ ሌላ የአንድ ሳምንት ክኒን በእጁ ማስያዝ ግን አራቱን ቀን አሥራ አንድ ማድረግ ነው። እኔ የማቆሚያውን ቀን ቀዶ ሕክምናው ባለቀ ጊዜ፣ መድኃኒቱ በሚታዘዝበት ወረቀት ላይ አብሮ እንዲጻፍ እመክራለሁ፤ ማራዘም የሚፈልግ ሐኪም ካለ ምክንያቱን ከጎኑ ይጻፍ።