ትከሻዬ ጆሮዬ ላይ

አምና በሰኔ፣ ደብረ ማርቆስ ላይ ዝናቡ ሌሊቱን ሙሉ ሲወርድ፣ እኔ የ4 ክፍል ተማሪዎችን ፈተና አርሜ ሮስተር ለመሙላት እንቅልፍ አጥቼ ከርሜ ነበር። አንድ ማታ እናቴ ስኒ ይዛ እንደቆመች አተኩራ አየችኝና «ልጄ፣ ትከሻህ እኮ ጆሮህ ላይ ወጥቷል» አለችኝ። ዝቅ ላደርገው ስሞክር ከአንገቴ እስከ መንጋጋዬ ድረስ ተወጥሬ፣ ጥርሴንም ነክሼ እንደቆየሁ ታወቀኝ።

ሰውነት አደጋ የመጣበት ሲመስለው አድሬናሊንና ኮርቲዞል የተባሉትን ሆርሞኖች ይለቃል፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ጡንቻም ይወጠራል። ይህ ከጅብ ለሚሸሽ ሰው መዳኛው ነው፤ ሮስተር ፊት ተቀምጦ ለሚያመሽ ሰው ግን መሮጫ የለውምና እዚያው ትከሻው ላይ የሚያድር ይመስለኛል።

መጀመሪያ ያስተካከልኩት ቡናዬን ነው፤ ከሁሉም የከበደኝም እሱ ነው። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ድረስ 5 ሰዓት ያህል ስለሚወስድ፣ ማታ 1 ሰዓት ላይ የጠጣሁት ቡና እኩለ ሌሊት ላይም ገና በግማሹ አብሮኝ ነው። ይሁን እንጂ በእኛ ቤት የማታ ቡና መጠጥ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤት የሚሰበሰብበት፣ የዋለው ወሬ ሁሉ የሚነሳበት ሰዓት ስለሆነ፣ የቀረ ሰው ያኮረፈ ይመስላል። ስለዚህ ከአቦል እስከ በረካ አብሬ እቀመጣለሁ፤ የምጠጣው ግን የጦስኝ ሻይ ነው። እናቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት «የጠላኸው ቡናውን ነው ወይስ እኔን?» እያለች ታጉረመርም ነበር፤ አሁን ጦስኙን ሳልጠይቃት ትጥድልኛለች።

ባጃጅ መሳፈሬንም ትቼ ትምህርት ቤት በእግሬ መሄድ ጀመርኩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መጠነኛ የአካል እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የእኔ መንገድ ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ ስለሚፈጅ በ5 ቀን 250 ይሞላል፤ ጭቃው ሲበዛ ደግሞ ከዚያም ያልፋል። እየሄድኩ እስከ 4 ቆጥሬ በአፍንጫዬ አየር አስገባለሁ፣ እስከ 6 ቆጥሬ ቀስ ብዬ አስወጣለሁ፤ አየር በረጅሙ ሲወጣ የልብ ምት ዝግ ይላል። ሰው ሰላም ሲለኝ ቁጥሩ ይጠፋብኛል፤ በዚህች ከተማ ደግሞ ሰላም የማይል የለም።

ከመተኛቴ በፊት ሐሳቤን ደብተር ላይ እጽፋለሁ። ነገ ልሠራው የምችለውን ከጻፍኩ በኋላ ይቀለኛል፤ የደመወዜና የጤፍ ዋጋ አለመገናኘት ግን ስጽፈውም ባልጽፈውም ያው ነው።

ዘንድሮም ሰኔ ገብቷል፤ ያልታረሙ 63 ወረቀቶች ጠረጴዛው ላይ ተከምረዋል። እናቴ የጦስኙን ስኒ አጠገቤ አስቀምጣ፣ ምንም ሳትናገር ትከሻዬን በመዳፏ ጫን አድርጋ ሄደች።