ያረጀ የቤዝ ስፒከር ጠርዝ ስቀይር የሠራሁት ስሕተት

የቤዝ ጊታሬ ወፍራሙ ክር በተመታ ቁጥር ከማጉያው ውስጥ እንደ ደረቅ ቅጠል የሚንኮሻኮሽ ድምፅ መውጣት ሲጀምር፣ መጀመሪያ የጠረጠርሁት ጣቴን ነበር፤ ቀጥሎ ክሩን ቀየርሁ፣ ከዚያ ገመዱን፣ ከዚያም የሳጥኑን ብሎኖች አንድ በአንድ አጠበቅሁ። ስፒከሩ ትዝ ያለኝ መጨረሻ ላይ ነው። ማጉያው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የተሠራ፣ አንድ ባለ 15 ኢንች ስፒከር የያዘ፣ ሁለት ሰው ካልተጋገዘ ደረጃ የማይወጣ ሳጥን ሲሆን፣ በ2003 ዓ.ም. ከተበተነ የሠርግ ባንድ ላይ ከገዛሁት ጀምሮ አዲስ አበባ ውስጥ ያልገባበት ድንኳን የለም ማለት ይቻላል። የፊቱን ጨርቅ ፈትቼ የስፒከሩን ጠርዝ በጣቴ ስነካው፣ እየተንቀጠቀጠ ድምፅ የሚያወጣውን ወረቀት ከብረቱ ጋር የሚያያይዘው የፎም ቀለበት እንደ ከረመ ድፎ ዳቦ ተፈርፍሮ እጄ ላይ ቀረ።

ፎም የሚያልቀው በጩኸት ብዛት ብቻ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። የተሠራበት ፖሊዩሪቴን የሚባል ፕላስቲክ ግን በአየር ውስጥ ባለው እርጥበትና በብርሃን ቀስ በቀስ ስለሚበሰብስ፣ ቁም ሣጥን ላይ ሳይነካ የተቀመጠ ስፒከርም ሃያ ዓመት አካባቢ ሲሞላው እጅ ላይ ሊፈርስ ይችላል። ስለዚህ «ብዙም አልተጠቀምንበትም» ተብሎ የሚሸጥ አሮጌ ማጉያ ስትገዙ፣ ስለ ዋጋው ከመነጋገራችሁ በፊት ጨርቁን አስፈትታችሁ ጠርዙን በጣት ጫን በሉት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ ማለት ነው።

ስፒከሩን ተሸክሜ መርካቶ ውስጥ ወደሚሠሩ አንድ ጠጋኝ ሄድሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ሬዲዮና ቴፕ ሲጠግኑ የኖሩ፣ እጃቸው የተመሰገነ ሰው ናቸው። ሁለት ምክር ሰጡኝ። አንደኛው ይህን ጥዬ የመኪና ስፒከር እንድገጥምበት ነበር። ይህን ምክር ማንም ቢሰጣችሁ አትቀበሉት። የመኪናው ስፒከር በጠባብ ሳጥን ውስጥ በብዙ ዋት እንዲነዳ የተሠራ ስለሆነ፣ በአንድ ዋት የሚሰጠው ድምፅ ከሙዚቃ መሣሪያ ስፒከር ብዙ ጊዜ በ10 ዴሲቤል ያህል ያንሳል፤ ይህን ጉድለት ለመሙላት ደግሞ አሥር እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። ከዚህም በላይ የብዙዎቹ የኤሌክትሪክ መቋቋም 4 ኦም ወይም ከዚያ በታች ስለሆነ፣ 8 ኦም ለለመደ አሮጌ ማጉያ ሸክም ይሆናሉ። ሁለተኛው ምክራቸው ጠርዙን በድንኳን ሸራ ቆርጦ በማስቲሽ መለጠፍ ነበር። ከፋብሪካው በጨርቅ ጠርዝ የሚመጡ ስፒከሮች መኖራቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን የእነዚያ ጨርቅ ስስና ለዚያው ተብሎ የታጠፈ ነው። ሸራና ማስቲሽ ሲደርቅ ጠርዙን ያገትረዋል፤ ወረቀቱ እንደ ልቡ መውጣትና መግባት ስለማይችል፣ ባዶው ወፍራም ክር የሚያወጣው የ41 ሄርዝ ድምፅ ይኮስሳል። ለዜና ማዳመጫ ይሆን ይሆናል፤ ለቤዝ አይሆንም።

የማይጎረብጠውን ሥራ ባጭሩ ልለፈው። ማጉያውን ከትራንስፎርመሩ ነቀልሁ (የአሜሪካው ዕቃ በ120 ቮልት ስለሚሠራ እኛ ቤት ያለ ትራንስፎርመር አይሰካም)፤ የሁለቱን ሽቦዎች ቦታ በስልኬ ፎቶ አነሣሁ፤ በካቻቢቴ ስምንቱን ብሎኖች ፈትቼ ስፒከሩን አወጣሁ፤ በቴስተር ስለካው 6.1 ኦም አሳየኝ፤ ይህም ለባለ 8 ኦም ስፒከር ጤነኛ ቁጥር ስለሆነ ኮይሉ (ወረቀቱን የሚያንቀሳቅሰው የሽቦ ጥቅል) አልተቃጠለም ማለት ነው። የበሰበሰውን ፎምና የድሮውን ማጣበቂያ በአልኮልና በትዕግሥት ፍቄ አነሣሁ። ብዙዎች በቲነር ያጥቡታል፤ ቲነር ግን ወረቀቱን ከኮይሉ ጋር የያዘውን ማጣበቂያም ሊያላላ ስለሚችል እኔ አላስጠጋሁትም። አዲሱን ቀለበት ሜሪላንድ ያለችው የአክስቴ ልጅ ገዝታ በሚመጣ ሰው ሻንጣ ላከችልኝ፤ መጀመሪያ የመጣው አልገጠመም፤ ምክንያቱም «ባለ 15 ኢንች» ብዬ ብቻ ነበር የነገርኋት። የወረቀቱን ስፋት፣ የቀለበቱን የውስጥና የውጭ ወርድ፣ ብረቱ ላይ የሚያርፍበትን ክብ በሚሊሜትር ለክቶ መላክ ያስፈልጋል። ሁለተኛው ልክክ አለ።

እንግዲህ የተበላሸው ሥራ ከዚህ ይጀምራል።

ስፒከር ውስጥ ያለው ኮይል በማግኔቱ መካከል ባለች ክብ ክፍተት ውስጥ ሳይነካካ መመላለስ አለበት። ክፍተቷ በጣም ጠባብ ናት፤ በኮይሉ ግራና ቀኝ የሚቀረው ቦታ ከግማሽ ሚሊሜትር ያነሰ ነው። ኮይሉን መሀል ላይ የሚይዙት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ከወረቀቱ ሥር የተለጠፈው፣ ሽንሽን ቀሚስ የሚመስለው ቢጫ ጨርቅ ሲሆን፣ ሁለተኛው እኛ የምንቀይረው ጠርዝ ነው። ጠርዙ ሲለጠፍ ወደ አንድ ወገን በጥቂቱ ከተሳበ፣ ኮይሉ ዘመም ብሎ ብረቱን ይፍቃል።

ከቀለበቱ ጋር የመጣው የአሠራር መመሪያ ግን ወረቀቱ መሀል ላይ ኮይሉን የሚሸፍነውን ቆብ መቁረጥ እንደማያስፈልግ፣ ወረቀቱን በሁለት እጅ ጣቶች ቀስ ብሎ እየገፉ ፍቅታ አለመኖሩን በማዳመጥ ብቻ ኮይሉን ማስተካከል እንደሚቻል ይናገራል። ለትንሽ የቤት ስፒከር ይህ ይሠራ ይሆናል፤ ወረቀቱ ቀላል፣ ከሥሩ ያለው ጨርቅም ገና ጠንካራ ነውና። የእኔ ስፒከር ግን ከሠላሳ ዓመት በላይ በአንድ አቅጣጫ ቆሞ ከባዱን ወረቀት ሲሸከም ስለኖረ፣ ጨርቁ ራሱ ወደ ታች ረግቧል፤ መሀሉን የሚያስታውስለት ነገር አልነበረም። ይህንን ያኔ አላወቅሁም። ባውቅም ኖሮ የምሰማ አይመስለኝም፤ ጥር ነበር፣ ቀኑ ሐሙስ ነበር፣ ቅዳሜ ደግሞ ሠርግ ነበረብኝ።

ሐሙስ ማታ ቀለበቱን ከወረቀቱ ጋር፣ ከዚያም ከብረቱ ጋር ለጥፌ ዙሪያውን በእናቴ የልብስ መቆንጠጫዎች ያዝሁት። በጣቴ ስገፋው ምንም ድምፅ አልሰማሁም። መመሪያው 24 ሰዓት ይድረቅ ስለሚል ዓርብ ማታ በስልኬ የ30 ሄርዝ ድምፅ ለቅቄ ልፈትነው አስቤ ነበር፤ ዓርብ ማታ መብራት ጠፋ። ቅዳሜ ጠዋት ሳልፈትነው ሳጥኑ ውስጥ ገጥሜ መኪና ላይ ጫንሁት። መብራቱን ብዙ ጊዜ ረግሜዋለሁ፤ ዳሩ ግን ቅዳሜ ጠዋት መብራት ነበር፣ አሥር ደቂቃም ነበረኝ፣ የፈለግሁትን መስማት ስለ ፈለግሁ ነው ያልፈተንሁት።

ሙሽሮቹ ገብተው ጭፈራው እስኪሞቅ ድረስ ምንም አልነበረም። ድምፁን ከፍ ሳደርግ፣ በእያንዳንዱ ወፍራም ኖታ ሥር ጥፍር ካርቶን ላይ ሲሄድ የሚያሰማው ዓይነት ድምፅ ይከተል ጀመር። ድራመሩ ዞር ብሎ አየኝ። ሰው በጭብጨባና በእልልታ መሀል አይሰማውም፤ እኔ ግን ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር አልሰማሁም።

ሰኞ ወደ መርካቶው ጠጋኝ ተመለስሁ። ወረቀቱን በአውራ ጣታቸው ሁለት ጊዜ ጫን ጫን አድርገው፦

«ልጄ፣ አዲስ ጠርዝ ነው፤ አልተግባባም። ሲሠራ ሲሠራ ይለቃል» አሉኝ።

«ጋሼ፣ ይፋቃል እኮ፤ ይስሙት።»

«አዲስ ጫማም ይፍቃል። ይለቃል አልሁህ!»

እውነት ነው፣ አዲስ ጠርዝ ከጥቂት ሰዓት ሥራ በኋላ ይለሰልሳል። መለስለስ ግን ኮይልን ወደ መሀል አይመልስም፤ የሚፍቅ ኮይል በራሱ አይለቅም፣ የሚለቀው ሽቦውን የሸፈነው ቫርኒሽ ነው። የተናደድሁት በእርሳቸው ነው ብል ውሸት ይሆናል። ለመሥራት የማልፈልገውን ሥራ እንዳልሠራ ፈቃድ ሰጡኝ፤ እኔም ፈቃዱን ይዤ ሁለት ሠርግ ደገምሁበት። በሁለተኛው ሠርግ ከሳጥኑ ጀርባ ካለው ቀዳዳ ትኩስ የቫርኒሽ ሽታ ሲመጣ ማጉያውን አጥፍቼ ቀሪውን ምሽት ከድምፅ ሠራተኛው መስመር ላይ ተሰክቼ ጨረስሁ።

ቤት ወስጄ ቆቡን በምላጭ ስከፍተው፣ ኮይሉ በአንድ ወገን ብቻ ቫርኒሹ ተልጦ የመዳቡ ሽቦ እንደ አዲስ ሳንቲም ያብለጨልጭ ነበር። ቴስተሩ አሁንም 6.1 አለ። ሽቦዎቹ እርስ በርስ አልተነካኩም፤ አንድ ሠርግ ብደግም ግን ይነካኩ ነበር፣ ያን ጊዜ ደግሞ ኮይልና ወረቀት ጭምር መቀየር ነው። የለጠፍሁትን ቀለበት ሳነሣው ተቀደደ። የአክስቴን ልጅ ለሦስተኛ ጊዜ ማስቸገር ነበረብኝ፤ «ስንት ስፒከር ነው ያለህ?» ስትለኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሦስተኛው ቀለበት የደረሰኝ ሁዳዴ ከገባ በኋላ ነው፤ ይህም ጠቀመኝ። በጾም ሠርግ ስለሌለ የሚያጣድፈኝ ቅዳሜ አልነበረም። በዚህ ጊዜ የመመሪያውን ወረቀት አጣጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ፣ ቆቡ አንዴ ስለ ተከፈተ ከውስጥ በኩል ሠራሁ። ለትልቅ ስፒከር ከዚህ ሌላ መንገድ አለ ብላችሁ አትመኑ፤ ቆቡን ቁረጡት። አዲስ ቆብ ርካሽ ነው፣ የድሮውንም መልሶ መለጠፍ ይቻላል። ምላጩን ግን በቁንጥጫ ሳይሆን አጥብቃችሁ ያዙት፤ የእኔን ማግኔቱ ከእጄ ነጥቆ መሀሉ ላይ ለጥፎታል፣ ወረቀቱን ያልቀደደው በአንድ ጣት ስፋት ነው። ቆቡ እንደ ተነሣ ክፍተቷን ወዲያውኑ በስኮች ሸፍኗት፤ አንዲት የብረት ፍርፋሪ ከገባች ለማውጣት ግማሽ ቀን ትፈጃለች። እኔ ስኮቹን ተጣባቂው ወደ ውጭ እንዲሆን በስስ ካርቶን ላይ አጥፌ እያስገባሁ፣ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ ደጋገምሁት።

ኮይሉን መሀል ላይ ለመያዝ በኮይሉና በውስጠኛው ብረት መካከል ዙሪያውን የሚገባ፣ ውፍረቱ እኩል የሆነ ነገር ያስፈልጋል። ወረቀት ይጨማደዳል። የተሻለ ሆኖ ያገኘሁት የራጅ ፊልም ነው፤ ስስ፣ ለስላሳና የማይታጠፍ ነው። የእናቴን የድሮ የደረት ራጅ ከፖስታው አውጥቼ አንድ ተኩል ሳንቲሜትር ስፋት ያላቸው ቁራጮች አድርጌ ቆረጥሁት። በኮይሉ ዙሪያ በስድስት ቦታ አስገባኋቸው፤ አንድ ንብር ሲላላብኝ በስድስቱም ቦታ ሁለት ሁለት ንብር አደረግሁ፤ በአንዱ ቦታ አንድ፣ በሌላው ሁለት ከሆነ ማዝመም እንጂ ማስተካከል አይደለም። ቁራጮቹ ያለ ግፊት ገብተው ኮይሉ ሳይንቀሳቀስ ሲቆም ልኩ ያ ነው። እናቴ በበሩ ስታልፍ አይታ ቆመች፤ «ሳንባዬን ቆራርጠህ እዚያ ውስጥ ከተትኸው?» አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ጠርዙን ለጠፍሁ። መመሪያው 24 ሰዓት ያለውን እኔ ሦስት ቀን ተውሁት። ቁራጮቹን አውጥቼ፣ ቆቡን ከመለጠፌ በፊት (ይህ ቅደም ተከተል እንዳይዛነፍ) ከ20 ሄርዝ ጀምሬ በዝቅተኛ ድምፅ ቀስ እያልሁ ወደ ላይ ወጣሁ። ወረቀቱ ሲወጣና ሲገባ በዓይን ይታያል፣ ጆሮ ግን ነፋስ እንጂ ፍቅታ አይሰማም። ሽቦዎቹንም በ1.5 ቮልት ባትሪ ድንጋይ አረጋገጥሁ፤ የባትሪው ፖዘቲቭ ቀዩ ጫፍ ላይ ሲነካ ወረቀቱ ወደ ውጭ ዘለለ፤ እንደ ፎቶውም ልክ ነበር። ቆቡን ለጥፌ ስፒከሩን ሳጥኑ ውስጥ ስመልስ ላዩን ወደ ታች አዞርሁት፤ ለሠላሳ ዓመት ወደ አንድ ወገን የረገበው ጨርቅ አሁን ወደ ሌላው ይርገብ።

ከፋሲካ በኋላ በነበረው የመጀመሪያ ሠርግ ሙሉ ሌሊት ሠራ። የተላጠው መዳብ ግን እዚያው ስላለ፣ ድምፁን ከግማሽ በላይ ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ በፊት እስከ ሦስት አራተኛ እሄድ ነበር፣ ያቺ ልዩነት የ«ይለቃል» ዋጋ ናት። ከወር በኋላ ትራንስፎርመር ላሠራ መርካቶ ስሄድ ጠጋኙ ከሩቅ አወቁኝ፤ ስፒከሩ እንዴት ሆነ ብለው ጠየቁኝ፤ አሁን አይፍቅም አልኋቸው። ካውያቸውን አስቀምጠው በአጠገባቸው ወደ ተቀመጠው ልጅ ዞሩና፦ «አላልሁህም? ለቀቀ!» አሉ።