«ነገደ»፦ የአንድ ግስ ሥረ መሠረት ፍለጋ

«ነገደ» የሚለው ግስ በዛሬው አማርኛ ገዝቶ መሸጥንና ማትረፍን ብቻ የሚያመለክት ይመስላል። ትርጉሙን ለመመርመር ስነሣ ግን ፍቺውን ከመቀበሌ በፊት ከአንድ ሥር የወጡ የሚመስሉትን ቃላት፣ ማለትም ንግድን፣ ነጋዴን፣ መንገድንና እንግዳን፣ ጎን ለጎን ጽፌ የጋራ ሐሳባቸውን ፈለግሁ። መሸጥ አራቱን አያስተሳስራቸውም፤ መጓዝ ግን ያስተሳስራቸዋል።

ቀጥሎ በ1948 ዓ.ም. የታተመውን የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን የግእዝ መዝገበ ቃላት ገለጥሁ፤ ቃላቱ የተደረደሩት በአበገደ ተራ (አ፣ በ፣ ገ፣ ደ እያለ በሚሄደው የፊደል ቅደም ተከተል) ስለ ሆነ ሀለሐመን የለመደ አንባቢ ሊታገሥ ይገባል። በግእዝ «ነገደ» መጓዝንም መነገድንም ይይዛል። «ነግድ» መንገደኛ፣ እንግዳ ነው፤ መዝሙረኛው በምድር ላይ ነግድ መሆኑን የሚናገረው በዚሁ ትርጉም ነው። «መንገድ»ም «መንበር» ከ«ነበረ» በወጣበት አኳኋን የተሠራ ነው። ትግርኛን ማነጻጸሬ እጅግ ጠቅሞኛል፤ ምእመናን ከየስፍራው መጥተው የሚያከብሩት ዓመታዊ የቤተ ክርስቲያን በዓል በዚያ ቋንቋ እስከ ዛሬ «ንግደት» ይባላልና።

ጉዞ እንዴት ንግድ እንደ ሆነ ግን መዝገበ ቃላት ብቻውን አይነግረንም፤ የቃል ጥናት ያለ ታሪክ ጎደሎ መሆኑን የተረዳሁት እዚህ ላይ ነው። ወርቅ፣ የዝሆን ጥርስና ዝባድ (ከጥርኝ የሚገኝ ሽቶ) ጭኖ በደቡብ ምዕራብ ካለችው ከእናርያ በጎጃም ባሶ ገበያና በጎንደር በኩል እስከ ምጽዋ ወደብ ለሚዘልቅ ሲራራ ነጋዴ፣ ማለትም በጭነት እንስሳት ሩቅ አገር ለሚሄድ ነጋዴ፣ መጓዝና መነገድ አንድ ሥራ ነበሩ፤ ባደረበት አገር ሁሉ ደግሞ እንግዳ ነበር። የነጋዴዎች አለቃ የነበረው ነጋድራስ ከጊዜ በኋላ የገበያና የቀረጥ ሹም ሆነ፤ ስለ ኢኮኖሚ የጻፈው ምሁር ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በድሬዳዋ የያዘው ሹመት ይኸው ነበር። ማዕረጉ ከመንገድ ወደ ከተማ ሲገባ ግሱም አብሮት የገባ ይመስለኛል።

«ነገድ»ን፣ ማለትም ጎሣን፣ ከዚህ ቤተሰብ ጋር አልቈጠርሁትም። ፊደሉ አንድ ነው፤ ሆኖም የፊደል መመሳሰል ብቻውን ዝምድናን አያረጋግጥም፣ ትርጉሙንም ከጉዞ ጋር የሚያገናኝ አጥጋቢ ማስረጃ አላገኘሁም።