የልብ ምት በኮድ መቁጠር፦ የአራት ወር ማስታወሻ

ከመስከረም ጀምሮ ማታ ማታ የልብ የኤሌክትሪክ ሲግናል (ኢሲጂ) ላይ ተጥጃለሁ። ቀን ቀን የምሠራው ሌላ ነው፤ ይሄ ከራት በኋላ የያዘኝ ሱስ ነው። እስካሁን ያበላሸሁት ከሠራሁት ይበልጣል። ለእናንተም የሚጠቅመው ያበላሸሁት ስለሚመስለኝ እሱን ልንገራችሁ።

መሣሪያዎቼ በሙሉ ኦፕን ሶርስ ናቸው፤ ኮዳቸው ለማንም ክፍት ነው። ፓይተን የሚባለው የኮድ ቋንቋ፣ ፋይሉን የሚያነብልኝ ደብሊውኤፍዲቢ፣ ሲግናሉን የሚያጸዳልኝ ኒውሮኪት2። መረጃውን ያገኘሁት ፊዚዮኔት ከሚባለው ነፃ ማከማቻ ነው። እዚያ ውስጥ ዘርፉን የሚጀምር ሰው ሁሉ የሚያልፍበት ስብስብ አለ፤ ኤምአይቲ-ቢአይኤች ይባላል። እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 ቦስተን፣ ቤተ እስራኤል ሆስፒታል ውስጥ ከ47 ሰዎች የተወሰዱ 48 ቅጂዎች ናቸው። እያንዳንዱ ግማሽ ሰዓት ነው። የልብ ሐኪሞች ምት በምት አይተው ምልክት አድርገውበታል። ስለዚህ የራሳችሁን ኮድ ከሐኪም ዓይን ጋር ማስተያየት ትችላላችሁ። ለዚህ ገንዘብ አለመክፈላችን እስካሁን ይገርመኛል።

ቅጂ 100ን ከፈትኩ። የአንድ የ69 ዓመት ሰው ነው። ምልክቶቹ ያሉባቸውን ቦታዎች አተምኩ፦ 18፣ 77፣ 370፣ 662፣ 946... ከ370 ላይ 77 ሲቀነስ 293። ለ1000 አካፍዬ ወደ ደቂቃ ቀየርኩት፤ 205 ምት ወጣ። 69 ዓመት፣ በደቂቃ 205! ሰውዬው አለቁ ብዬ ደነገጥኩ።

ያለቀው የኔ ሒሳብ ነበር። እነዚያ ቁጥሮች የሳምፕል፣ ማለትም የሲግናሉ ንባቦች ተራ ቁጥር ናቸው፤ ቅጂው በሰከንድ 360 ሳምፕል ነው የተወሰደው። 293ን ለ360 ስታካፍሉት 0.81 ሰከንድ ይሆናል፤ በደቂቃ 74 ምት። ደህና ናቸው። 1000ን ከየት አመጣሁት? ከኒውሮኪት2። ቁጥሩን ካልነገራችሁት 1000 ነው ብሎ ይሄዳል፤ እኔም ሳነብ አእምሮዬ ላይ ተለጥፎ ቀርቷል። ኮምፒውተሩ በበኩሉ አንድም ቅሬታ አላሰማም። ለማንኛውም እርባና ቢስ ጥያቄ ቁጥር ይሰጣችኋል፣ ዝም ብሎ።

ሁለተኛውን ስህተት ለማግኘት ሦስት ማታ ፈጀብኝ። በተከታታይ ምቶች መካከል ያለው ጊዜ ምን ያህል እንደሚዋዥቅ የሚለካ አርኤምኤስኤስዲ የሚባል ነገር አለ። የመጀመሪያዋን ደቂቃ ብቻ ወስጄ ሳሰላው ከሌሎቹ ደቂቃዎች በጣም ከፍ አለብኝ። ጥፋቱ ያቺ 18 ላይ ያለችው ምልክት ነበረች። ምት አይደለችም! «ከዚህ ጀምሮ አመታቱ ይህ ነው» የምትል የመደመር ምልክት ናት። ፋይሉ ውስጥ 2,274 ምልክት አለ፤ ምቱ ግን 2,273 ነው። እኔ ሁሉንም ቆጠርኩ። ከ18 እስከ 77 ያለው 0.16 ሰከንድ እንደ አንድ ምት ገባ። ልዩነቱ ስኩዌር ስለሚደረግ፣ የቀሩት ምቶች ፍጹም እኩል ቢሆኑ እንኳ ያቺ አንዲት ብቻዋን ወደ 75 ሚሊሰከንድ ታመጣለች። ስዕሉን ቀድሜ ባየው ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይገባኝ ነበር። አሁን ሳልስል ቁጥር አላሰላም።

እዚያው ቅጂ ላይ ሳምፕል 2044 ላይ ያለውን ምት እዩልኝ። ሐኪሞቹ «ኤ» ብለው ምልክት አድርገውበታል፤ ከላይኛው የልብ ክፍል ያለጊዜዋ የተነሳች ምት ናት። ከፊቷ 0.65 ሰከንድ፣ ከኋላዋ 0.99 ሰከንድ። ቸኩላ መጥታ ቀጣዩን አስጠበቀች። ኒውሮኪት2 እንዲህ ያለ ምት ሲያይ ቦታውን «አስተካክሎ» የሚያስቀምጥበት አሠራር አለው። መዋዠቅ ለሚለካ ሰው ጥሩ ነው። የምት መዛባት ለሚፈልግ ሰው ግን የሚፈልገውን ነገር ራሱን መጥረግ ነው። ይህን ያወቅሁት ኮዱን ከፍቼ በማንበቤ ነው። ተዘግቶ የሚሸጥ ሶፍትዌር ቢሆን የማምነው ወይም የማላምነው በጭፍን ነበር።

ፓንና ቶምፕኪንስ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጡትን፣ ምቶችን ከሲግናሉ ፈልጎ የሚያገኝ ዘዴም በራሴ እጅ ጻፍኩት። ከ5 እስከ 15 ኸርዝ (በሰከንድ ከ5 እስከ 15 ጊዜ የሚዋዥቀውን) ብቻ አስቀር፣ ቁልቁለቱን አስላ፣ ስኩዌር አድርግ፣ በ150 ሚሊሰከንድ መስኮት አማካዩን አውጣ። ሠላሳ መስመር አይሞላም። የቸገረኝ «ከዚህ በላይ ምት ነው» የሚባልበትን መነሻ ወለል መወሰን ነው፤ ከፍ ሳደርገው ምት ያመልጠኛል፣ ዝቅ ሳደርገው ከምቱ በኋላ የምትመጣዋን ጉብታ ሌላ ምት አድርጎ ይቆጥርልኛል። እሱን ገና አልጨረስኩም።

ኅዳር ላይ ወደ ራሴ ልብ ዞርኩ። አንድ ጓደኛዬ ከውጭ ሲመጣ ኤዲ8232 የሚባል የልብ ሲግናል የሚያነብ ቺፕ ያለበት ሰሌዳ ይዞልኝ መጣ። አርዱዊኖ ከምትባለው በኮድ ከምትታዘዝ ትንሽ ሰሌዳ ጋር አገናኘሁት። ሦስት ኤሌክትሮድ ደረቴ ላይ ለጥፌ ስቀመጥ እማዬ ገባች። «ምን ሆነህ ነው ልጄ? ሐኪም ቤት ደርሰህ ነው?» እስክትረጋጋ ድረስ ግማሽ ሰዓት ሄደ።

ኮዴ በየሚሊሰከንዱ እንዲያነብ አዝዤው ነበር። ወደ ላፕቶፑ የሚወስደው መስመር ግን በ9600 ፍጥነት (በሰከንድ 960 ባይት) ነው የሚልከው። አንድ ባለሦስት አሃዝ ቁጥር ከመስመር መቁረጫው ጋር አምስት ባይት ነው፤ በሰከንድ ከ192 በላይ አያልፍም። አሁንም ያው የሳምፕል ጣጣ! ፍጥነቱን 115200 አድርጌ፣ ሰዓት እየቆጠረ በሰከንድ 250 ጊዜ ብቻ እንዲያነብ አደረግኩት።

ከዚያ ጫጫታው መጣ፤ ከመብራት ሽቦ ሲግናሉ ላይ የሚደረበው። ከአንድ የአሜሪካ ማስተማሪያ የገለበጥኩት ፊልተር 60 ኸርዝ ነበር የሚቆርጠው። የኛ መብራት 50 ነው። (ያ የቦስተኑ 360 እኮ የ60 ስድስት እጥፍ ነው፤ የዚያን አገር መብራት ጫጫታ ለመቁረጥ እንዲመች አስበው የመረጡት ነው።) ወደ 50 ስቀይረው ብዙው ጠፋ፤ መስመሩ ላይ ትንሽ ፀጉር የመሰለ ነገር ግን ቀረበት። አንድ ነገር አደራ፦ ኤሌክትሮድ ለጥፋችሁ ሳለ ላፕቶፑ ከቻርጀር ይነቀል፤ ሁልጊዜ በባትሪ ብቻ።

ባለፈው ሳምንት እየቀረጽኩ ሳለ መብራት ጠፋ። ላፕቶፑ በባትሪ ስለነበር ቀረጻው አልተቋረጠም። ስክሪኑን ሳይ ፀጉሩ የለም። ግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ዝም ሲል መስመሩ ጥርት ብሎ ወጣ፤ ከትልቁ ጫፍ በፊት ያለችው ትንሿ ጉብታ እንኳ ያለ ፊልተር ታየች። መተንፈሴን አዘገየሁት። አየር ሳስወጣ ምቶቹ ይራራቃሉ፣ አየር ስስብ ይቀራረባሉ፤ በዓይኔ አየሁት። ስድስት ደቂቃ ቀረጽኩ። እማዬ ሻማ ይዛ ስትመጣ «አትንኪኝ፣ አትናገሪኝ» ብያት ተቆጣችኝ፤ የሷ ድምፅና የኔ መደንገጥ መጨረሻው ላይ ምቱን ሲያፈጥነው ይታያል።

ፋይሉን «መብራት የለም» ብዬ ሰይሜዋለሁ። ፊልተር ስሞክር የማስተያየው ከሱ ጋር ነው።