ፎቶ ከማሳጠቤ በፊት የምሠራት ሒሳብ

የእማዬን ፎቶ 30 በ40 ሴንቲሜትር አሳጥቤ ሳሎን ልሰቅል ከተነሳሁ ወር አለፈኝ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው። ፎቶ ቤቱ መሃል ከተማ ስለሆነ አንዴ ከተሳሳትኩ ግማሽ ቀኔ በታክሲ ያልቃል። እስካሁን የገባኝን ላካፍላችሁ።

የመጀመሪያው ብዥ ብሎ ወጣ። እማዬ ቡና እየቆላች የተነሳችው ነው። የነጠላዋ ጥለት ቀለሙ ብቻ ቀርቷል። ስልኬ ላይ ጥርት ያለ ስለነበር ጥፋቱ የማሽኑ መሰለኝ። ፋይሉን ሳየው ግን 1280 በ960 ፒክስል (ፎቶው የተሠራባቸው ጥቃቅን ነጥቦች) ነው። እህቴ በቴሌግራም እንደ ተራ ፎቶ ስለላከችው አንሷል።

ሒሳቡ እንዲህ ነው። ሴንቲሜትሩን ለ2.54 ስታካፍሉት ኢንች ይሆናል። 40 ሴንቲሜትር 15.75 ኢንች ገደማ ነው። ከዚያ ፒክስሉን ለኢንቹ አካፍሉ። 1280 ለ15.75 ሲካፈል 81 ይመጣል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ፎቶ የሚመከረው በአንድ ኢንች 300 ፒክስል ነው። 81 በጣም ትንሽ ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ምሽት አቃጥያለሁ። ኮምፒውተር ላይ ሪዞሉሽን የሚለውን ቁጥር ከ72 ወደ 300 ቀየርኩት፤ ፎቶው ያው ነው። ለካ ቁጥሩ ያሉት ፒክስሎች ወረቀት ላይ ምን ያህል ተጠጋግተው እንደሚቀመጡ ነው የሚናገረው። አዲስ ፒክስል አይጨምርም። ሶፍትዌሩ ይጨምር ብትሉትም ከጎን ካሉት እየገመተ ነው የሚሞላው። የጠፋውን ጥለት አይመልሰውም።

እህቴ ጋ ደውዬ «እስቲ ዋናውን እንደ ፋይል አድርገሽ ላኪልኝ» አልኳት። 4000 በ3000 ሆኖ መጣ። ለ15.75 ሲካፈል 254 ነው። ከ300 ቢያንስም ግድግዳ ላይ ለሚሰቀል በደንብ ይበቃል። ራቅ ተብሎ ለሚታይ ትልቅ ፎቶ እንኳን 150 አያሳፍርም። ቅዳሜ አሳጠብኩት። የጥለቱ ክር ሳይቀር ይታያል! እማዬ አይታው ዝም ብላ ቆየች።

አሁን የያዝኩት በካሜራ የተነሳ የቤተሰብ ፎቶ ነው፤ 6000 በ4000። ፒክስል ሞልቷል፤ ያስቸገረኝ ቅርጹ ነው። ፎቶው 3 ለ2፣ 30 በ40 ወረቀት ደግሞ 4 ለ3 ነው። ወረቀቱ ይሙላ ካልኩ ከወርዱ 667 ፒክስል ይቆረጣል። ዳር ላይ የቆመችው አክስቴ ናት፤ እሷን አላስቆርጥም። 40 በ60 ግን ቅርጹ ልክ ይገጥማል። ሳሰላውም 254 መጣ፣ እንደ እማዬው። ፍሬሙን በዚያ ልክ አዝዣለሁ።